ሴሊና አደራ ያለችኝ የእናቷ ስም

እስከ ዛሬ ጠዋት ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር አሁን እዚህ ልጽፍ ነው። ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

ሴሊና ሞተች አሉኝ። አስጎብኚው አበራ ነው ጠዋት ደውሎ የነገረኝ።

«የኛዋ ሴሊና?»

«አዎ እትዬ፣ የእርስዎዋ።»

ባለፈው ሳምንት እኮ ድምፅዋን በስልክ ልካልኛለች። እየሳቀች ነበር።

ለማታውቋት፣ ሴሊና በማዕከላዊ አሜሪካ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች የወደብ ከተማ የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። እናቷ የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። በአገሯ ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። የገባች ዕለት ዘበኛው «የጽዳት ሠራተኛ በኋላ በር ነው» አላት። እሷም «እኔ በዚህ ነው የምገባው። ስምህን ንገረኝ፣ ነገም እንገናኛለን» አለችው።

እኔ ላሊበላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የእንግዳ ጫማ እጠብቃለሁ። እንግዶች በአንዱ በር ገብተው በሌላው ስለሚወጡ፣ ጫማቸውን ተሸክሜ ቀድሜያቸው እደርሳለሁ። ሴሊና ለገና የመጣች ጊዜ የአርባ ሰው ጫማ ሳላሳስት ለየባለቤቱ ሳቀርብ አየችኝ። አበራ እያስተረጎመላት «አንቺ ለእኛ ምክር ቤት ነበር የምታስፈልጊው፤ እዚያ ሰዎቹ ትናንት ያሉትን አያስታውሱም» አለችኝ። ቀጥላ በተሰባበረ አማርኛ «ስምሽ ማነው?» አለች። ይቺን ቃል ለሁሉም ሰው ትላት ነበር። እኔን ግን በዚያ በር ስንት ዓመት ስቀመጥ የጠየቀኝ እንግዳ አልነበረም።

ስትሄድ ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ። የሟች እናቷ ስም ነው፤ ሆርቴንሲያ። «ለቄሱ ስጪልኝ፣ እዚህ ይጸለይላት። በኖረችበት አገር በክብር የጠራት የለም» አለች።

አልሰጠሁም።

«የክርስትና ስሟ ማነው? ንስሐ አባቷስ?» ብለው በሰው ፊት ያሳፍሩኛል ብዬ ፈራሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ ለብቻዬ ንባብ የተማርኩበት ዳዊት ውስጥ ከተትኩት። በኋላ በአበራ በኩል በስልክ ስትጠይቀኝ «ሰጥቻለሁ፣ ይጸለይላታል» አልኳት። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። እሷ ምክር ቤት ቆማ «የልብስ አጣቢዋ እናቴ ስም ከዓለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ይጠራል» ብላ ተናገረች። ቪዲዮውን ላከችልኝ፤ አበራ ተረጎመልኝ። ሰው ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት።

አሁን ልጇ ማሪሶል «ቀብሩ እንዳለፈ እመጣለሁ፤ የአያቴ ስም ሲጠራ በጆሮዬ ልስማ» ብላለች አለኝ አበራ። ወረቀቱን ይዤ ቄሳችን አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሮጥኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በቅዳሴ ልጠራት አልችልም፣ ልጄ። በእኛ አልተጠመቀችም።»

«እሱን ፈርቼ ነው ወረቀቱን የደበቅሁት፣ አባ።»

«ምነው ያኔ ብትጠይቂኝ? ይህንኑ እነግርሽ ነበር፣ በግል ጸሎቴም አስባት ነበር። ማን ይከለክለኛል?»

«ከዛሬ ጀምሮስ ያስቡልኛል?»

«አስባታለሁ። ያለፈውን ግን እኔ አልሸፍንልሽም። ለልጅቱ አንቺው ንገሪያት።»

ለአበራም እውነቱን ስነግረው አዝኖልኝ «እትዬ፣ ዝም ይበሉ። ስትመጣ አንድ ዲያቆን አቁመን ስሟን እናስጠራለን፣ በምን ታውቃለች?» አለኝ። ለትንሽ ጊዜ፣ እግዜር ይየኝ፣ ልቤ እሺ ብሎ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍም እሺ እንዳይል እፈራዋለሁ። ለዚህ ነው ሁላችሁ ፊት የምጽፈው።

ሴሊናዬ፣ በሕይወት ሳለሽ ልነግርሽ ሲገባ ቆይቼ ቆይቼ አመለጥሽኝ። ልጅሽ ይህን አንብባ ላትመጣ ትችላለች። ብትመጣም ፊቴን ማየት ላትፈልግ ትችላለች። በይ ሂጂ፣ መንገድሽ ይቅናሽ። እናትሽን ስታገኚያት ስለ እኔ አትሟገቺልኝ።

ይህን ጽሑፍ አበራ ተርጉሞ ዛሬውኑ የሚልከው ለማሪሶል ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ሳትቆርጥ ይድረሳት።