ዘበኛው ያቀበላት አፈር

ከመናፈሻ መናፈሻ እየዞረች አፈር በማንኪያ ስለምትዝቅ፣ የላብራቶሪ ባለሙያዋን ሰው ሁሉ «ወይዘሮ ማንኪያ» ይላታል። የምትፈልገው በዓይን የማይታይ የትል እንቁላል ነው። እንቁላሉ ከውሻ ዓይነ ምድር ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ልጆች ጣት፣ ከዚያም ወደ አፍ ይጓዛል።

ያን ቀን የመናፈሻው ዘበኛ ቀድሞ ጠበቃት። «ለምን ትደክሚያለሽ ልጄ? ከልጆቹ መጫወቻ እኔው ዘግኜልሻለሁ» ብሎ ፌስታል አቀበላት። ውሻው ሻምበል አጠገቡ ጅራቱን ይቆላል። እንቁላል ከተገኘ ሻምበል እንደሚባረር ዘበኛው ሰምቷል።

ፌስታሉን ገለጥ አደረገችው። መጫወቻው ነጭ አሸዋ ነው፤ ይሄ ጥቁር አፈር። አመስግና ተቀበለችና ከአሸዋውም በማንኪያዋ ዛቀች።

ላብራቶሪ ገብታ ሁለቱንም በጣም ጨዋማ በሆነ ውሃ በጠበጠች፤ እንቁላሉ ከጨው ውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከአሸዋው አንድም አልወጣም። ከፌስታሉ ግን አርባ ቆጠረች።

በማግስቱ «ጋሼ፣ አፈሩን ከየት አመጡት?» አለችው።

«ከጓሮዬ። ንጹሕ መስሎኝ።»

«ሻምበልስ የት ነው የሚጸዳዳው?»

ዘበኛው አንገቱን አከከ። «ጓሮ። አሸዋውንማ አስረግጬው አላውቅም።»

«ዝም ብለው ቢተዉኝ እኮ ሻምበል ነጻ ነበር። በገዛ እጅዎ መሰከሩበት።»

«ሊባረር ነው?»

«የትል መድኃኒት ይዋጥ። እንቁላሉ ሰው ለመጉዳት ሁለት ሳምንት ያህል አፈር ውስጥ መብሰል አለበት፤ እርስዎ ዓይነ ምድሩን በየቀኑ ከጠረጉ ጊዜ አያገኝም።»

ዘበኛው እፎይ ብሎ ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ። ወይዘሮ ማንኪያ እጁን አየችና በአገጯ ወደ ቧንቧው ጠቆመችው።