ድምፅ ማጉያው ሥር

ወንድሜ ሲዘፍን ሮቤ በሙሉ ጸጥ ይል ነበር ብል ውሸት ነው፤ ጎረቤት ግን ጸጥ ይል ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ሲል ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሽኝት ተደረገ፣ እሱም ማይክ ጨብጦ ዘፈነ። እኔ አሮጌውን ቴፓችንን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ልቀዳው ስል እናቴ ተቆጣች።

«ምን ጠረጴዛ ትያለሽ! ድምፅ ማጉያው ሥር አድርጊው፤ የልጄ ድምፅ ጎልቶ ይግባ!»

የማጉያው አፍ ሥር ደቀንኩት።

የበልጉ ገብስ ሳይታጨድ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው የወንድሜን መርዶ አረዱን።

ለቅሶው ሲያልፍ ካሴቱን ከፈትነው። ዝግ ብሎ ሲዘፍን ራሱ ነው፣ ጓዳ ያለ ነው የሚመስለው። ከፍ ሲያደርገው ግን ክርርር ይላል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ይቀደዳል። ወንድሜ ደግሞ የሚታወቀው በዚያችው ከፍታ ነበር። ምን ዓይነት ግፍ ነው!

እናቴ «ቴፑ ታሞ ነው» ብላ ታቅፋው ጎባ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ጠጋኙ ውስጡን በአልኮል ጠረገው፤ ካሴቱን በራሱ ቴፕም ሞከረው። ያው ነው።

«ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣» አላት፣ «ቴፕዎ ደህና ነው። ሲቀዳ ነው የተበላሸው። ድምፁ ከልክ በላይ በዝቶበት ከላይ ከላዩን ቆርጦታል። የተቆረጠው ካሴቱ ላይ የለም፤ ከየት አምጥቼ ልመልስልዎ? አላህ ያጽናዎት።»

«እኔው ነኛ ሥሩ አድርጊው ያልኩት» አለች እናቴ። «ማን ያውቃል ብለሽ ነው፣ እማዬ» አልኳት። ቴፑን መልሳ ታቅፋ ወደ ሮቤ መንገድ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማታ እሱን መስማት ሆነ ሥራዋ። የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ራሷ ታንጎራጉረዋለች። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ገብስ እያበጠረች ዘፈኑን ያዘች። ከፍታው ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን አሻክራ ክርርር አለችና ቀጠለች። ዓይኗ ተጨፍኗል።

«እማዬ፣ እሱ እኮ እንዲህ አልነበረም!» ብዬ ጮኽኩባት።

«ታዲያ እንዴት ነበር፣ ልጄ? እስቲ አሰሚኝ።»

ጀመርኩላት። ከፍታው ላይ ስደርስ የወንድሜ ድምፅ ጠፋኝ። የመጣልኝ ያው ክርርር ብቻ ነበር።