የአባቴን ኮሌታ ልትሰርቅ የመጣችው

ስለላ እንደዚህ እንደሚጣፍጥ ባውቅ ኖሮ ድሮ እጀምረው ነበር። ሥራውን የሰጠኝ አባቴ ነው። "ዓይንሽን ከእጇ ላይ እንዳትነቅዪ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔም ደብተሬን ገልጬ የማጠና መሰልኩ።

አባቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ድሮ በኛ መንገድ ልብስ ሰፊ በሽ በሽ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያ ልዩ የኢኮኖሚ ዞን የሚሉት ተከፍቶ የፋብሪካ ሸሚዝ በየሱቁ ሲሞላ ግን አንዱ የስፌት መኪናውን ሸጠ፣ ሌላው ሱቁን ለሞባይል ጠጋኝ ለቀቀ። አባቴን ያተረፈው ኮሌታው ነው። የፈለገ ቢታጠብ ጫፉ አይቀለበስም፤ ደንበኞቹም የሚመጡት ለሱ ነው። ኮሌታው ከተሰረቀ አለቀልን።

ታዲያ ያቺን ልጅ ብንጠረጥራት ይፈረድብናል? መጀመሪያ አንድ ነጭ ሸሚዝ አዘዘች። በሳምንቱ ልትወስድ መጥታ ኮሌታውን ገልብጣ ውስጡን በጥፍሯ ዳሰሰች። በሦስተኛው ቅዳሜ በርጩማ ስባ ቁጭ አለችና "ጋሼ፣ ሲሰፉ ባይ ቅር ይልዎታል?" አለች። የዞኑ ስም የተጻፈበት የባጅ ማንጠልጠያ ከጃኬቷ ኪስ ወጥቶ ይታያል። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ!

ጎረቤታችን ጫማ ጠጋኙ አንገቱን በበሩ አስገባ። "አላልኩህም? ቀድተው ከገበያ ሊያስወጡህ ነው የላኳት" አለ፣ እሷ እየሰማች።

አባቴ ወንበሩን አዞረና ጀርባውን ሰጥቷት መስፋት ጀመረ። እሷ ወደ ግራ ስታዘነብል እሱም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ። ሳቄን ለማፈን እስክሪብቶዬን ነከስኩ።

በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። "እህቴ፣ ፋብሪካ ነው የምትሠሪው አይደል?"

"አዎ።" ምንም አልደነገጠችም።

"ማነው የላከሽ?"

"ማንም። የአለቃችንን ሸሚዝ አይቼ የት እንዳሰፋው ጠየቅኩት። እርስዎ ጋ ነው አለኝ።"

"አለቃችሁ እኔ ጋ ነው የሚያሰፋው?" ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ግን አልታዘዘውም።

ቢሆንም አላመናትም። ተቆርጦ ያልተሰፋ ሸሚዝ ሰጥቶ መኪናው ላይ አስቀመጣት። "በይ ስፊው።"

የደረት ኪሱን አነሣች። ሜትር የለ፣ ጠመኔ የለ፣ ትርርር! ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ኪሱ ቦታው ላይ ቀጥ ብሏል። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ቀጥዪ እንጂ።"

"አልችልም።"

"እንዴት አትችዪም?"

"ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፋሁት ኪስ ብቻ ነው፣ ጋሼ። ኮሌታ የምትሰፋው ሌላ ሴት ናት፣ እጅጌ የምትሰፋው ሌላ። ፋብሪካው ያለው አባቴ ጤፍ ይዘራበት የነበረ መሬት ላይ ነው። እማዬ ማታ ማታ ምን ሠራሽ ስትለኝ ኪስ እላታለሁ። አንድ ቀን ሙሉውን ሸሚዝ ራሴ ሰፍቼ ላለብሳት ነው የመጣሁት።"

"እንዲህ ብላችሁ አውሩ ብለውም ያስተምሯቸዋል" አለ ጫማ ጠጋኙ።

አባቴ ኪሱን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ መለሰው። "ጠጋ በይ። መጀመሪያ ጫፉን እንዲህ..."

አሁን በየቅዳሜው ትመጣለች። የመጀመሪያ ኮሌታዋ የአህያ ጆሮ መስሎ ወጣ፤ ከሁላችንም አብልጣ የሳቀችው እሷ ናት። ለትምህርቷ ክፍያ የተማሪ ዩኒፎርም ኪስ ትሰፋልናለች።

እኔ ግን ስለላዬን አላቆምኩም። ባለፈው ቅዳሜ እሷ ኪስ ስትሰፋ አባቴ መርፌ የወደቀበት መስሎ አጠገቧ ጎንበስ አለ። መርፌው ደረቱ ላይ ተሰክቷል። ዓይኑ እጇ ላይ ነው።

"አባዬ፣ ምን ጠፋብህ?"

"አንቺ ጥናትሽን አጥኚ!"