ያልታጠበው መኪና

ታክሲ ስነዳ ነው ያረጀሁት፤ ቆሻሻ መኪና ማየት አልወድም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቅዳሜ ጠዋት ሜልበርን፣ ሰንሻይን ዌስት ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ባልዲና ጨርቅ ይዤ ካልቆምኩ ቀኑ ቀን አይመስለኝም። ባለቤቴ «ለራስህ ገላ እንዲህ ብትጨነቅ የት በደረስክ» እያለች ትስቅብኛለች።

ባለፈው ክረምት ያቺ የማብለጨልጫት ትንሽ መኪና ጉድ ሠራችን። ልጃችን ከባሏ ጋር ከሜልበርን ርቃ ተራራ ላይ ነው የምትኖረው። አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንች ይጀምራል። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ልንጠይቃት ስንሄድ ዳገቱ መሃል ጭቃ ውስጥ ተቀረቀርን፤ አንድ ገበሬ በትራክተር ጎትቶ አወጣንና ወደ መጣንበት ተመለስን። ልጄ በስልክ «ዶንት ወሪ፣ እዚህ ነርስ አለች» አለችን። እናቷ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄን ነርስ ናት የምታርሳት?»

ከዚያ በኋላ ፎር ዊል ድራይቭ ፍለጋ ገባሁ። አዲሱ አይቀመስም፤ አሮጌውን እኔ አላምነውም። መውለጃዋ ሲቃረብ ከኛ ብዙ በማይርቀው ሜድስቶን ሰፈር የሚሸጥ አንድ ነጭ መኪና ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ፤ አዲስ ለመባል ምንም ያልቀረው። ስደውል ባለመኪናው «ከሰዓት ሌላ ገዢ ይመጣል፣ በጠዋት ድረሱ» አሉኝ።

መንገድ ላይ ባለቤቴን አስጠነቀቅኳት። «እንዳታደንቂ። ወደድነው ካልሽ አለቀልን። ፊትሽን አኮሳትሪና ሌላውን ለኔ ተይው።» እኔ ሳልከራከር ከገዛሁ የገዛሁ አይመስለኝም።

ባለመኪናው ቀጠን ያሉ ፈረንጅ ሽማግሌ ናቸው። መኪናውን ዞርኩት። ከሥሩ አጎንብሼ አየሁ፣ ኮፈኑን አስከፈትኩ፣ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ውስጥ እጄን ከትቼ ዳሰስኩ። አንዲት የጭቃ ነጥብ የለችም። የማጣጥለው ነገር ሳጣ ተናደድኩ። ነገሩም አጠራጠረኝ።

«ለምንድን ነው ያልተነዳው?» አልኳቸው።

«ከባለቤቴ ጋር አገሩን ልንዞርበት ነበር የገዛነው» አሉ። «ጭቃ በጭቃ ሆኖ ለማየት ቸኩላ ነበር። ከገበያ አልፈን የትም ሳንሄድበት ታመመችብኝ። ባለፈው ወር ቀበርኳት።»

ባለቤቴ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻቸው። ምን እንደገባቸው እንጃ፣ ብቻ ግቡ አሉን። ሳሎን ገብተን ከሚስታቸው ፎቶ ፊት ለፊት ተቀመጥንና ልቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዝም አልን። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ቆይተው ግን ስለ ሚስታቸው ማውራት ጀመሩ፤ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣውን ጮክ ብላ ስታነብላቸው እንዴት ታናድዳቸው እንደነበር፣ አሁን ደግሞ ቤቱ ጭር ማለቱን።

እኔ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው። ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብዬ «ዋጋውን ላንሳ እንዴ?» አልኳት።

«ልቅሶ ቤት ገበያ ታወራለህ? አታፍርም?»

«ልጅሽስ?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለማርያም ሰጥቻታለሁ» አለች።

ስለ መኪናው ትንፍሽ ሳንል ተሰናብተን ወጣን። ቤት እስክንደርስ እየተነጫነጭኩ ነዳሁ። በማግስቱ ደግሞ ለሐዘንተኛው ምስር ወጥ ሠርታ «ይዘህላቸው ሂድ» አለችኝ። እያጉረመረምኩ ሄድኩ፤ ደጁ ባዶ ሆኖ እንደሚጠብቀኝ እርግጠኛ ነበርኩ። መኪናው ግን ቆሟል።

ሽማግሌው ድስቱን ተቀብለው «ትናንት ከሰዓት ሊገዛ የመጣውን ሰውዬ መለስኩት» አሉኝ። «ስለ መኪናው ያልጠየቀኝ ነገር የለም። ስለ እሷ ግን አንድ ቃል አላነሳም።» ዋጋውን ራሳቸው ተናገሩ፣ እኔም እሺ አልኩ። በዕድሜዬ ሳልከራከር የገዛሁት እሱን ብቻ ነው።

ልጃችን ምጥ ሲይዛት ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርድ ነበር። ቅቤውንና የገንፎ ዱቄቱን ጭነን ወጣን። የተቀረቀርንበት ቦታ ስንደርስ ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ጸሎት ጀመረች፤ ጸሎቱ ሳያልቅ መኪናው አልፎት ሄዷል። እንደደረስን ባለቤቴ የልጄን እጅ ይዛ አዋለደቻት። ሕፃኗ ስታለቅስ ልጄን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለቻት የገዛ እናቷ ናት። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር የሰማሁት። እኚያን ሽማግሌ እግዚአብሔር ይስጣቸው አልኩ፤ ያላየኋትን ሚስታቸውንም ነፍሷን ይማር አልኩ።

ባለቤቴ ልታርሳት ቀረች፣ እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። ቅዳሜ ጠዋት ባልዲዬን ሞልቼ ወጣሁ። መኪናው እስከ መስኮቱ ጭቃ ነው። ጨርቁን ነክሬ ጨመቅሁና በሩ ላይ ላሳርፈው ስል ሽማግሌው ስለ ሚስታቸውና ስለ ጭቃው ያሉት ትዝ አለኝ። ውሃውን ሣሩ ላይ ደፋሁት። እንደዚያ ተለውሶ እስከ ሜድስቶን ነዳሁት፤ መብራት በያዘኝ ቁጥር ሰው እንዳያየኝ አንገቴን እየደፋሁ።

ሽማግሌው በነጠላ ጫማቸው ወጡ። ያን ቀን እኔ እንደዞርኩት ቀስ ብለው ዞሩት። መዳፋቸውን የበሩ ጭቃ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ። አስቀየምኳቸው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

ሲመለሱ የሚስታቸውን ፎቶ ከነፍሬሙ ይዘዋል። ፊቷን ወደ መኪናው አዙረው ደረታቸው ላይ አቀፉት። እኔም ኮፍያዬን አውልቄ ከጎናቸው ቆምኩ።