የእናቴ ቅዳሴና የእህቴ ኢንተርኔት

ሰው በገዛ እህቱ ኢንተርኔት ይቀናል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ ቀንቻለሁ። በቤቷ አልቀናሁም፣ በመኪናዋም አልቀናሁም። ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ያለው ቤቷ ሰፊ ነው፣ ደረጃው ግን ጉልበት ይጨርሳል። ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ እናታችንን የወሰደችብኝ በኢንተርኔት ነው።

እማዬ ወደ ዴንቨር ስትመጣ የተስማማነው ሙቀቱን ታናሽ እህቴ ጋ፣ የበረዶውን ወራት ደግሞ እኔ ጋ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር፣ እንድታሳልፍ ነበር። የእኔ ቤት ጠባብ ቢሆንም ደረጃ የለውም፤ የእማዬ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወድም። አንዴ ከገባችልኝ ወዲያ አትወጣም ብዬ በሆዴ ጨርሼው ነበር።

ኢንተርኔታችን ከሁሉም ርካሹ ነው። እኔ እንዲያውም እኮራበት ነበር። አየር ማረፊያ ዊልቸር ስገፋ ውዬ የምገባ ሰው የሚያምረኝ እግሬን ዘርግቼ መቀመጥ እንጂ ፍጥነት አይደለም። ኩባንያው የተሻለ ፓኬጅ ግዢ እያለ በደወለ ቁጥር «አልፈልግም» ብዬ ስዘጋበት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ በረዶው መንገዱን ዘጋውና እማዬ ቤተ ክርስቲያናችን በቀጥታ የሚያስተላልፈውን ቅዳሴ በቴሌቪዥን ልትከታተል ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ወንጌል ሊነበብ ሲል ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ወንጌል ሲነበብ አይቀመጥም፤ ሳሎንም ቢሆን ያው ነው። ወዲያው ካህኑ አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቀው ቀሩ፣ ያቺ ክብ ነገርም መሐል ላይ መዞር ጀመረች። ለካ ባሌ መኝታ ቤት የእንግሊዝ ኳስ ከፍቷል።

«እማዬ፣ እስኪመጣ ተቀመጪ» አልኳት።

«ወንጌል ተከፍቶ?» ብላ ገላመጠችኝ።

ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ኳሱን ላስጠፋ ሮጥኩ፤ ስመለስ ወንጌሉ አልቆ ስብከት ተጀምሯል። እማዬ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እህትሽ ቤት እኮ እንዲህ አያደርግም» አለች።

በማግስቱ እህቴ መጥታ ወሰደቻት። «ለቅዳሴው ብዬ ነው፣ ለጊዜው» አለችኝ ሻንጣውን መኪናዋ ውስጥ እየከተተች። ፊቷ ላይ ድል አየሁ። ላይኖር ይችላል፤ እኔ ግን አየሁ። «ደረጃውንስ ምን ልታደርጊው ነው?» ማለት የነበረብኝ መኪናዋ ከታጠፈ በኋላ ትዝ አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

በዚያ ሰሞን ሥራ ላይ የሰው እናት መግፋት ራሱ አስጠላኝ። አንዷ አሮጊት «ልጄ ጋ ነው የምከርመው» ብለው ሲያጫውቱኝ የልጃቸውን ቤት ኢንተርኔት ልጠይቃቸው ምንም አልቀረኝ። ማታ ማታ እህቴ ትደውላለች። «እማዬ ዛሬ ቅዳሴውን አይታ፣ ስብከት አይታ፣ መዝሙር ጨምራ...» ስትል አንጀቴ ያርራል። «ደስ ይላል» እላታለሁ። ደስ አላለኝም።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። እኔን ስልክ አስደወለኝ። ኩባንያው ያገናኘኝ ልጅ ትሑት ነው፤ ስንት ስልክ እንዳለን፣ ምን ምን እንደምናይ ጠየቀና ቀጠለ።

«በወር እስከ ስንት ብትከፍዪ ይመችሻል?»

«የእህቴን ያህል። ከሷ ትንሽ በለጥ ቢል ደግሞ ጥሩ ነው።»

«እህትሽ የትኛው ፓኬጅ ነው ያላት?»

«አላውቅም። ትልቁ የቱ ነው?»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ነገረኝ። ዋጋውን ስደግመው ባሌ ከወጥ ቤት ብቅ አለ። «እኔ ለኳስ ብዬ ስለምንሽ ቅንጦት ነው አላልሽም?» አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ከልጁ ጋር ተስማማሁ።

ፋይበር የሚሉት አዲሱ ፈጣን መስመር በገባ ሳምንት ኦሮራ ሄጄ እማዬን ይዣት መጣሁ። እሑድ ወንጌል ሲደርስ ተነሣች፣ እኔም ከጎኗ ቆምኩ። ባሌ ወዲያ ኳሱን ያያል፣ እዚህ ካህኑ ያነባሉ፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንዴም ሳይቋረጥ አለቀ።

«እሰይ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። በዚያች ሰዓት ዋጋውን በእጥፍ ቢጠይቁኝም እከፍል ነበር። ሻንጣዋን ራሴ ፈትቼ ልብሷን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩ።

ከምሳ በኋላ አጠገቧ ልቀመጥ ስል «እስቲ እህትሽን ደውዪልኝ፣ በትልቁ» አለችኝ። በቴሌቪዥኑ ደወልኩ። እህቴ የሳሎኔን ግድግዳ ሞልታ ብቅ አለች፣ ትንሿን ልጇን ታቅፋለች።

«እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ? እግርሽን ሸፈን አድርጊ እንጂ!»

እማዬ ታዝዛ እግሯን ሸፈነች። መድኃኒቷን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ የሸፈነችበትንም ጋቢ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ሕፃኗ ስትስቅ እማዬም ትስቃለች፣ እህቴ ስታወራ አፍ አፏን ታያለች። ሻዩ በረደባት። ላሙቅላት ብዬ ስኒውን ለማንሣት ጎንበስ አልኩ።

«ምን ዓይነት ተአምር ነው!» አለች እማዬ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «እንዴት ጥርት ብላ ትታያለች! አጠገቤ ያለች እኮ ነው የምትመስለው። ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በዪ፣ ጋረድሽኝ።»