የጠፈር ድንጋይና የእኔ ጣት

አምና ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ፣ ዘንድሮ አዳማ፣ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ፣ በቴሌስኮፕ ለወላጆች አስረጂ ሆንኩ ብል ታምናላችሁ? በዚያ ምሽት አንድ የጠፈር ድንጋይ በምድር አጠገብ ያልፍ ነበር። ክፍል ውስጥ «አይነካንም» ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። በቴሌስኮፑ ድንጋዩ ትንሽ ነጥብ ሆኖ በከዋክብቱ መሃል ቀስ እያለ ሲሄድ ሳየው ግን ወደ ኋላ ሸሸሁ። ለካ ማወቅና አለመፍራት አንድ አይደሉም።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ተጠጉ።

«ያልፋል ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ያልፋል።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል?»

«በርዶኝ ነው።»

«በአዳማ ሙቀት?» ብለው ሳቁ።

አፍሬ «ያውና፣ እዚያ ጋ ነው!» ብዬ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ። ጣቴን አፈፍ አደረጉት።

«ኮከብ በጣት አይጠቆምም! ጣትሽ ላይ ኪንታሮት ያወጣብሻል!»

ወላጆች ሁሉ ዞረው አዩኝ። አሁን ዝም ካልኩ ዳግመኛ እጄን እንደማላወጣ ታወቀኝ።

«እትዬ፣ ይሄማ ተረት ነው! ቲቸርን ይጠይቁት» አልኩ ጮክ ብዬ።

አጠገባችን የቆመው የፊዚክስ አስተማሪያችን ፈገግ አለ። «እውነቷን ነው፣ ተረት ነው።»

ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

«እሺ፣ ድንጋዩ የቱ ጋ ነው?» አሉት እትዬ።

ቲቸር ሁለት እጁን ኪሱ ከተተና፣ በአገጩ ወደ ላይ እያሳየ «እዚያ» አለ።