የጫኝና አውራጆቼ ፈተና

እኔ ጭነቴን ላገኘሁት ሰው ሁሉ የማስነካ ሹፌር አይደለሁም። ጫኝና አውራጅ ሳይፈተን ሥራ አይጀምርም እያልኩ ባልደረቦቼን ስመክር ራሴን እንደ ዳኛ ነበር የምቆጥረው።

ባለፈው ክረምት በካርቶን የታሸገ የምግብ ዘይት ጭኜ ዳንግላ ገባሁ። የጭነቱ ባለቤት ሐጂ ሰይድ ለሶላት ወጥተው ስለነበር መኪናዬን መጋዘናቸው በር ላይ አቆምኩ። ከዚያ ሥራ ፈላጊ ጎረምሶች ጠርቼ ከመኪናው ፊት ለፊት አሰለፍኳቸው።

መታወቂያቸውን እያገላበጥኩ አየሁ። መዳፋቸውን ዳበስኩ። ትርፍ ጎማውን በየተራ አስነሳኋቸው።

"ዋስ አላችሁ?"

"አለን ጋሼ።"

"ተሸክማችሁ ሳለ ስልክ ቢጠራስ?"

"እናቴም ብትሆን አላነሳም" አለ ረጅሙ።

መልሱ ደስ ቢለኝም ፊቴን አልፈታሁም። ስለ ታማኝነት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁላቸው፤ መሐል ላይ ያዛጋውንም ገሠጽኩት። በመጨረሻ "በሉ፣ አልፋችኋል!" ብዬ እየመራሁ ወደ መኪናው ኋላ ወሰድኳቸው።

ሸራው ተገልጧል። ከጭነቱ ግማሹ የለም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እኔ የቀሩትን ካርቶኖች መቁጠር ጀመርኩ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ በአድናቆት እጃቸውን አነሱልኝ።

"ልጄ፣ ቅድም ዘይቱን በጋሪ ያጓጓዙልህ ልጆች እንዴት ያሉ ቀልጣፋ ናቸው! አንድ ካርቶን እንኳ አልጣሉም። ከየት አገኘሃቸው?"